ባለቤቱ ከተማው፣ አትክልተኛው ማኅበሩ

ሴንትራል ፓርክ በኒው ዮርክ፣ በማንሃተን ደሴት መካከል የተዘረጋ 341 ሄክታር ስፋት ያለው የሕዝብ መናፈሻ ነው። ከ59ኛው ጎዳና ተነሥቶ እስከ 110ኛው ጎዳና 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወርዱ 800 ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ የከተማው ንብረት ነው። ደንቡን የሚያወጣው የከተማው የፓርኮች መሥሪያ ቤት፣ ጸጥታውን የሚያስከብረው የከተማው ፖሊስ ነው። ሣሩን የሚያጭደው፣ ዛፉን የሚገርዘው፣ ቆሻሻውን የሚያነሣው፣ የተሰበረውን የሚጠግነውና ለዚህ ሁሉ ከሚያስፈልገው ገንዘብ አብዛኛውን ከለጋሾች አሰባስቦ የሚያመጣው ግን ሴንትራል ፓርክ ኮንሰርቫንሲ የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር ነው።

ኮንሰርቫንሲ የሚለው ቃል አንድን ነገር ከጥፋት ጠብቆ ማቆየትን ያመለክታል። ማኅበሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ፓርኩን ተከራይቶ የሚያተርፍበት ኩባንያም አይደለም። ጎረቤት በወር በወሩ እያዋጣ ከሚያቆመው እድርም ይለያል፤ የራሱ ቦርድ፣ ደመወዝ የሚከፍላቸው አትክልተኞችና ባለሙያዎች፣ ከከተማው ጋር የተፈራረመው ውልም አለው። በ1980 ሲቋቋም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የግል ማኅበር የሕዝብ መናፈሻ ሲያስተዳድር ማየት በአሜሪካ እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬ ብዙ ከተሞች ተከትለውታል፤ ያልተስማሙበትም ጥቂት አይደሉም።

ፓርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ከተማው ሲስፋፋ ሳይነካው ያለፈው የጥንት መሬት ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ሌላ ነው። የኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት በ1853 ቦታው ለመናፈሻ እንዲያዝ ሲፈቅድ መሬቱ ዐለት የበዛበትና ረግረጋማ ነበር። በ1858 ለውድድር ከቀረቡት 33 ንድፎች የፍሬደሪክ ሎው ኦልምስቴድና የካልቨርት ቮክስ ሥራ አሸነፈ። ዐለቱ በባሩድ ተሰበረ፤ ረግረጉ ከመሬት በታች በተቀበሩ ቱቦዎች ተንጣፈፈ፤ ሐይቆቹ ተቆፈሩ፤ ለም አፈር ከሌላ ቦታ በጋሪ ተጓጓዘ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጡት አራት መንገዶች ከመሬቱ ገጽ ዝቅ ብለው እንዲያልፉ በመደረጉ በመስኩ ላይ የቆመ ሰው የጋሪውን፣ በኋላም የመኪናውን ግርግር አያይም። ግንባታው የተጠናቀቀው በ1876 ነው። ደን የሚመስለው ነገር በመሠረቱ ግንባታ ነው፤ ቱቦው ሲደፈን ሜዳው ይጨቀያል፤ ደለሉ ካልተጠረገ ሐይቁ ይሞላል። ያለ ጠጋኝ የተተወ ቤት የሚደርስበት ሁሉ ይደርስበታል።

ቦታው ባዶም አልነበረም። ከ82ኛው እስከ 89ኛው ጎዳና ባለው የምዕራብ ጠርዝ ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል መንደር ነበር። ከ1825 ጀምሮ ነፃ ጥቁር አሜሪካውያን መሬት እየገዙ የሠሩት ሲሆን፣ በኋላ የአየርላንድ ስደተኞች ተቀላቅለውበታል። 225 ያህል ነዋሪዎች፣ ሦስት አብያተ ክርስቲያናትና አንድ ትምህርት ቤት ነበሩት። በዚያ ዘመን በኒው ዮርክ አንድ ጥቁር ወንድ ድምፅ ለመስጠት ቢያንስ 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ሊኖረው ይገባ ስለነበር፣ በመንደሩ ቦታ መግዛት መጠለያ ብቻ ሳይሆን መምረጫም ነበር። ባለመሬቶቹ ካሣ ተከፍሏቸው ነዋሪዎቹ በ1857 ተነሡ፤ መንደሩም ከመሬቱ ብቻ ሳይሆን ከከተማው ትዝታም ጠፋ። በ2011 አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው የቤት መሠረትና የቤት ዕቃ አወጡ፤ ኮንሰርቫንሲው በ2019 በቦታው የመንደሩን ታሪክ የሚያስረዱ ሰሌዳዎች አቆመ።

ኦልምስቴድና ቮክስ ከሥራው ከራቁ በኋላ ፓርኩ የደረሰበትን መነሣትና መውደቅ መዘርዘር አስፈላጊ አይደለም። በ1934 የፓርኮች ኮሚሽነር የሆነው ሮበርት ሞዝስ በርካታ የልጆች መጫወቻዎችና የስፖርት ሜዳዎች ገነባ። እስከዚያ ዘመን ሺፕ ሜዶው፣ ማለትም የበጎች መስክ፣ በተባለው ሜዳ ላይ በእርግጥም በጎች ይግጡ ነበር፤ ሞዝስ በጎቹን ወደ ብሩክሊን ፕሮስፔክት ፓርክ ልኮ በረታቸውን ምግብ ቤት አደረገው። ሞዝስ የሠራው ብዙ ነው። ከእርሱ በኋላ ግን የተሠራውን ሁሉ በየቀኑ የሚይዝ እጅ እየቀነሰ ሄደ።

የከፋው ዘመን 1970ዎቹ ናቸው። በ1975 ኒው ዮርክ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ኪሳራ አፋፍ ላይ ደረሰ። የበጀት ቢላዋ ሲወጣ ቀድሞ የሚያርፈው ሆስፒታል ወይም እሳት አደጋ ላይ ሳይሆን መናፈሻ ላይ ነው፤ ሣር ባይታጨድ በዚያው ቀን የሚሞት ሰው የለም። የሚለቅ ሠራተኛ አይተካም፣ የተሰበረ ወንበር አይጠገንም፣ የተደፈነ ቱቦ አይከፈትም። አበሻ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደሚለው፣ ባለቤት የሌለው የመሰለው ቦታ ድፍረትን ጠራ። ግድግዳው ሁሉ በሚረጭ ቀለም ተቸከቸከ፤ ቤልቬዴር የተባለው የድንጋይ ግንብ ተዘግቶ መሰባበር ጀመረ፤ የሌሊት ዝርፊያው ወሬ ፓርኩን አይተው በማያውቁት ዘንድ እንኳ ተሰማ።

የዚያን ጊዜውን ውድቀት ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው የቤተስዳ ፏፏቴ ነው። በፓርኩ መካከል ባለው የድንጋይ አደባባይ ላይ የቆመው የመልአክ ሐውልት የኤማ ስቴቢንስ ሥራ ሲሆን የተመረቀው በ1873 ነው። ሐውልቱ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ወደ ከተማው የገባበትን የ1842ቱን ድል ያስታውሳል። ስሙና መልኩ የተወሰደው ከዮሐንስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ ነው፤ መልአኩ ውኃውን ሲያናውጥ ቀድሞ የገባ ሕመምተኛ ይፈወስባት የነበረችውና የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ የሚላት መጠመቂያ ናት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን 38 ዓመት የተኛውን በሽተኛ በዐቢይ ጾም በመጻጉዕ እሑድ ያስበዋል። በ1970ዎቹ የኒው ዮርኩ መልአክ ውኃ በሌለበት ደረቅ ገንዳ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። ስለ ውኃ የተሠራው ሐውልት ውኃ አጥቶ።

መልሱ በአንድ ቀን አልመጣም፤ ከአንድ ሰውም አልመጣም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሪቻርድ ጊልደርና ጆርጅ ሶሮስ የተባሉ ሁለት የገንዘብ ገበያ ሰዎች ለፓርኩ ገንዘብ የሚያሰባስብ ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ ከሁሉ በፊት ያደረገው አስተዋይነት የተሞላበት ነገር ነበር፤ ገንዘብ ከመበተኑ በፊት ፓርኩ እንዴት እንደሚተዳደር የሚመረምር ጥናት አስጠና። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኢ. ኤስ. ሳቫስ መሪነት ተሠርቶ በ1976 የወጣው ጥናት ችግሩ የገንዘብ እጥረት ብቻ አለመሆኑን አሳየ፤ ለጠቅላላው ፓርክ ተጠያቂ የሆነ አንድም ሰው አልነበረም። ዛፍ ቆራጩ ለአንዱ ክፍል፣ ቧንቧ ሠራተኛው ለሌላው፣ ጠራጊው ለሦስተኛው ይታዘዝ ነበር። ጥናቱ አንድ ኃላፊ እንዲሾምና ከዜጎች የተውጣጣ የጠባቂዎች ቦርድ እንዲቋቋም መከረ።

ምክሩን ተግባራዊ ያደረጉት አዲሱ ከንቲባ ኤድ ኮች የሾሟቸው የፓርኮች ኮሚሽነር ጎርደን ዴቪስ ናቸው። በ1979 ኤሊዛቤት ባርሎውን የሴንትራል ፓርክ አስተዳዳሪ አድርገው ሾሙ፤ ሹመቱ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነው። በከተማ ፕላን የሠለጠኑትና ስለ ኦልምስቴድ መጽሐፍ የጻፉት ባርሎው ከዚያ በፊት በበጎ ፈቃደኞች የፓርኩን ሥራ የሚደግፍ አነስተኛ ቡድን ይመሩ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እነዚህ የተበታተኑ ጥረቶች ተዋሕደው ኮንሰርቫንሲው ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የቦርድ ሰብሳቢ ዊልያም ቤይነክ ነበሩ። ባርሎው በአንድ በኩል የከተማው ሹመኛ፣ በሌላ በኩል የማኅበሩ መሪ ሆኑ። የሁለትዮሽ ኃላፊነቱ የተምታታ ይመስላል። ነገር ግን ባለ ሥልጣኑና ገንዘብ አምጪው በአንድ ወንበር ላይ ስለተቀመጡ አንዱ ሌላውን ሰበብ ማድረግ አልቻለም፤ ከ1970ዎቹ በሽታዎች ዋናው ደግሞ ይኸው ሰበብ ነበር።

ማኅበሩ ሥራውን የጀመረው በመልሶ ግንባታ ሳይሆን በቆጠራ ነው። የመሬት ገጽታ ንድፍ ባለሙያዎች ለበርካታ ዓመታት እያንዳንዱን ዛፍ፣ አፈር፣ የፍሳሽ መስመር፣ ድልድይና የሰው እንቅስቃሴ መዘገቡ። ከዚያ የተገኘው የ1985 የእድሳት ዕቅድ ፓርኩን እንደ አንድ አካል ያየ ነበር። ቀደም ሲል አንድ ለጋሽ አንድ ሐውልት ወይም አንድ በር አስጠግኖ ስሙን አስጽፎ ይሄድ ነበር፤ የተጠገነው አጥር ግን በተደፈነ ቱቦ ላይ ይቆማል። በዕቅዱ መሠረት ለጋሹ የሚመርጠው ከተዘጋጀው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩም ቅደም ተከተል አለው። የሚያምረው ከመሠራቱ በፊት የማይታየው ይሠራል።

ከማይታዩት ሁሉ የሚልቀው አፈር ነው። ጤናማ አፈር በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት አለው፤ በክፍተቱ አየርና ውኃ ያልፋሉ፤ ሥር የሚተነፍሰውም በዚያ ነው። ብዙ ሺህ እግር ሲረግጠው ክፍተቱ ይዘጋል፤ አፈሩ እንደ ተጠቀጠቀ ምርጊት ይጠነክራል። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ወደ ውስጥ መስረግ ስለማይችል ላዩን ይጨቀያል፤ ፀሐይ ሲወጣ ጭቃው አቧራ ይሆናል። ሣሩ ሲሞት አፈሩን አቅፎ የሚይዝ ሥር አይኖርም፤ ቀጣዩ ዝናብ አጥቦ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሺፕ ሜዶው ታላላቅ ሰልፎችና ኮንሰርቶች ሲፈራረቁበት የደረሰበት ይህ ነው። ሜዳውን የገደለው ጠላት አልነበረም፤ ከልክ በላይ የወደደው ሕዝብ ነው።

ሺፕ ሜዶው በ1980 አፈሩ ተለውጦ፣ የፍሳሽ መስመሩ ታድሶ፣ አዲስ ሣር ተነጥፎበት ዳግም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የመጣው ለብዙዎች የባሰ እንግዳ ነበር። ሜዳው ታጠረ፤ ኳስ መጫወትና ኮንሰርት ማዘጋጀት ተከለከለ፤ ሲረጥብና በክረምት በሩ ተቆለፈ። ዛሬም ቀይ ባንዲራ የተሰቀለበት ሣር አይረገጥም። አንዳንዱ ጎብኚ የሕዝብ ሣር እንዴት ይታጠራል ብሎ ይቆጣል፤ ነገር ግን አጥር ያልነበረበት ዘመን ሣርም አልነበረበትም።

ግሬት ሎን፣ ማለትም ታላቁ ሣር፣ የሚባለው ሜዳ ታሪኩ ረዥም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማው የውኃ ማጠራቀሚያ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ውኃው ሲደርቅ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ቤት ያጡ ሰዎች በባዶው ገንዳ ውስጥ ጎጆ ቀልሰው ኖሩበት፤ በኋላ በግንባታ ፍርስራሽ ተሞልቶ ሜዳ ሆነ። በመስከረም 1981 የሳይመንና ጋርፈንከል ኮንሰርት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ሰበሰበበት፤ በሰኔ 1982 የኑክሌር መሣሪያን የተቃወመው ሰልፍ አንድ ሚሊዮን ገደማ። ሜዳው ፍርስራሽ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ይህን ሁሉ መሸከም አልቻለም። በ1993 ጊልደር 17 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማሙ፤ ቅድመ ሁኔታቸው ማኅበሩ ከሌሎች ለጋሾች 17 ሚሊዮን እንዲያመጣ፣ ከተማውም 17 ሚሊዮን እንዲጨምር ነበር። አንዱ ሳያዋጣ ሌላው አያገኝም። ታላቁ ሣር በዚያ ዘመቻ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ተቀይሮና የመስኖና የፍሳሽ መስመር ተዘርግቶለት በ1997 ተመለሰ።

ሁሉም እድሳት በጭብጨባ አልታለፈም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማኅበሩ ራምብል በተባለው ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ቦታ የጥንቱን ንድፍ እይታ ለመክፈት ዛፎች መቁረጥ ሲጀምር የወፍ ተመልካቾች ተነሡበት። ማንሃተን በስደተኛ ወፎች የጉዞ መስመር ላይ ያለች ስለሆነች፣ በሲሚንቶ ከተማ ላይ የሚበርሩት ወፎች ወርደው የሚያርፉት በዚያች የዛፍ ጥላ ነው። ባለሙያው ያረጀ ንድፍ ያየበትን ቦታ ወፍ ወዳዱ ማደሪያ አየበት። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ዕቅዱን ሕዝብ ሳያማክር ወደ መጋዝ እንዳይሄድ ተማረ።

ፓርክን ማደስ አንድ ነገር ነው፤ የታደሰውን እንደታደሰ ማቆየት ሌላ። የማኅበሩ ትልቁ ፈጠራ ከማናቸውም ሐውልት እድሳት ይልቅ በ1996 የተጀመረው የቀጠና አሠራር ይመስላል። በኋላ ማኅበሩን የመሩት ዳግላስ ብሎንስኪ ፓርኩን በ49 ቀጠናዎች ከፋፍለው ለእያንዳንዱ አንድ አትክልተኛ ሾሙለት። አትክልተኛው በቀጠናው ላይ ላለው ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ወንበርና ቆሻሻ ይጠየቃል፤ በጎ ፈቃደኞችን ያሠራል፤ ዛፍ ቆራጭ ወይም ቧንቧ ሠራተኛ ሲያስፈልገው ይጠራል። በየቀኑ የሚያልፉት የሠፈር ሰዎች መልኩን ያውቁታል፤ ወንበር ሲሰበር የሚነግሩት ለእርሱ ነው። ቀለም የተረጨበት ግድግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጸዳ የተደነገገውም በዚሁ መንፈስ ነው፤ ጽሑፉ ካልታየ የጻፈው ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በ1976ቱ ጥናት ላይ «ተጠያቂ የለም» የተባለው ችግር በ49 ሰዎች ስም ተመለሰ።

የኤልም ዛፎቹ የዚህ አሠራር ጥቅም የሚታይባቸው ናቸው። ደች ኤልም የተባለው በሽታ ጥንዚዛ የሚያዛምተው ፈንገስ ሲሆን በሰሜን አሜሪካ ሚሊዮኖች የአሜሪካ ኤልሞችን ገድሏል። ሞል በተባለው ረዥም ጎዳና ግራና ቀኝ የቆሙት ኤልሞች ግን አሁንም ቅርንጫፋቸውን እንደ ካቴድራል ጣሪያ ያገናኛሉ። መድኃኒቱ ዓይን ነው፤ የጠወለገ ቅርንጫፍ በጊዜ ታይቶ ካልተቆረጠ በሽታው ወደ ግንዱ፣ ከግንዱ በሥር ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል።

ማኅበሩና ከተማው 18 ዓመት ያህል የሠሩት በመግባባት ነበር፤ መደበኛው የአስተዳደር ውል የተፈረመው በ1998 ነው፤ ከዚያም በየጊዜው ታድሷል። በውሉ መሠረት ማኅበሩ ዕለታዊውን እንክብካቤ ይሠራል፤ የተወሰነ መጠን ገንዘብ አሰባስቦ ለፓርኩ ሲያውል ከተማው የአገልግሎት ክፍያ ይከፍለዋል። ማንኛውም ትልቅ ግንባታ የከተማውን ፈቃድ ይፈልጋል፤ የስብሰባና የሰልፍ ፈቃድ የሚሰጠውም የከተማው መሥሪያ ቤት ነው። ለረጅም ዓመታት ከፓርኩ ዓመታዊ ወጪ ሦስት አራተኛ ያህሉን የሸፈነው ማኅበሩ ነው።

ገንዘቡ የሚመጣው ከብዙ አቅጣጫ ነው። በፓርኩ ካሉት ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ወንበሮች አንዱን ከፍሎ «በማደጎ» የወሰደ ሰው በትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ የፈለገውን ጥቂት ቃል ያስቀርጻል፤ ዋጋው ለዓመታት 10 ሺህ ዶላር ነበር። ከ1983 ጀምሮ የሴቶች ኮሚቴው በየግንቦቱ ባርኔጣ የደፉ የከተማዋ ባለጸጋ ሴቶች የሚገኙበትን የምሳ ግብዣ ያዘጋጃል፤ ከአንድ ምሳ የሚሰበሰበው ገንዘብ ሚሊዮኖችን ይቆጥራል። ሙዚቀኛው ጆን ሌነን በ1980 ከፓርኩ ማዶ ባለው መኖሪያው ደጃፍ ከተገደለ በኋላ ባለቤቱ ዮኮ ኦኖ 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው በ1985 ስትሮውበሪ ፊልድስ የተባለው የመታሰቢያ ቦታ ተመረቀ፤ ገንዘቡ ለግንባታው ብቻ ሳይሆን ለእንክብካቤውም ጭምር መዋሉ ምሳሌ ሆኗል። በ2012 የኢንቨስትመንት ባለሀብቱ ጆን ፖልሰን 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ግማሹ ለግንባታ፣ ግማሹ ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ በየዓመቱ ወደሚወጣበት ቋሚ ገንዘብ ገባ። ለማኅበሩ ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ለጋሽ በቀላሉ የሚገኘው ለሚመረቅ ነገር እንጂ ለሣር ማጨጃ አይደለምና።

ፓርኩ በዓመት 42 ሚሊዮን ያህል ጊዜ ይጎበኛል። ኢትዮጵያዊው የቴሌቪዥን ተመልካች ሳያውቀው የሚያየው የኒው ዮርክ ማራቶን ማጠናቀቂያ በመሆኑ ነው። ውድድሩ በ1970 ሲጀመር ሙሉ በሙሉ በፓርኩ ውስጥ ነበር፤ በ1976 ወደ አምስቱም የከተማው ክፍሎች ሲሰፋ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች እዚያው ቀሩ። ተስፋዬ ጅፋር በ2001 2:07:43 በሆነ የቦታው ክብረ ወሰን፣ ደራርቱ ቱሉ በ2009፣ ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም በ2010፣ ፍሬሕይወት ዳዶ በ2011 ያሸነፉት በእነዚያ የፓርክ ዳገቶች ላይ ነው።

ሣሩ ሲያገግም ጥያቄው ተለወጠ። በ2004 የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ በኒው ዮርክ ሲካሄድ የኢራቅን ጦርነት የሚቃወሙ ቡድኖች በታላቁ ሣር ላይ ሩብ ሚሊዮን ሰው ለመሰብሰብ ጠየቁ፤ ከተማው ሣሩ ይጎዳል ብሎ ከለከለ። ከ22 ዓመት በፊት አንድ ሚሊዮን ሰው ቆሞ የጮኸበት ሜዳ አሁን ለጩኸት ስስ ሆኖ ተገኘ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2008 በስምምነት ሲያበቃ ከተማው ሜዳው ምን ያህል ሰው መሸከም እንደሚችል ለማስጠናት ተስማማ። ክልከላው የከተማው ውሳኔ እንጂ የማኅበሩ አልነበረም። ተቺዎች ግን ነገሩን በዚያ አልተዉትም፤ ሜዳውን ለማደስ ሚሊዮኖች የሰጡ ሰዎች ድምፅ ሜዳው ላይ ለመቆም ከሚፈልጉት ድምፅ ከበለጠ ሣሩ የሕዝብ መሆኑ ምኑ ላይ ነው ይላሉ። በየካቲት 2005 ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉ አርቲስቶች በእግረኛ መንገዶቹ ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ የተንጠለጠለባቸው 7,503 በሮች ለ16 ቀናት ሲያቆሙ ክርክሩ እንደገና ተነሣ፤ በሮቹ ግን የቆሙት በአስፋልት ላይ እንጂ በሣር ላይ አልነበረም። ይኸው ሐሳብ በ1981 ለጎርደን ዴቪስ ቀርቦ ውድቅ ተደርጎ ነበር። ፓርኩ ያኔ በሽተኛ ነበር፤ በሽተኛ ደግሞ እንግዳ አይበዛበትም።

ሁለተኛው ክስ የእኩልነት ነው። የኒው ዮርክ ከተማ 12 ሺህ ሄክታር ያህል የመናፈሻ መሬት አለው፤ ለመናፈሻ የሚመደበው ግን ከከተማው በጀት 1 በመቶ አይሞላም። በሴንትራል ፓርክ ዙሪያ የዓለም ሀብታሞች ይኖራሉ፤ ከመስኮታቸው የሚያዩት ሣር አረንጓዴ እንዲሆን መክፈል ለእነርሱ ልግስናም ጥቅምም ነው። በብሮንክስ ወይም በምሥራቅ ብሩክሊን ያለ ትንሽ የሠፈር ሜዳ እንዲህ ያለ መስኮት አያየውም። የፖልሰን ስጦታ በተሰማ ማግስት ይህ ጩኸት ጨመረ፤ በ2013 የግዛቱ ሴናተር ዳንኤል ስኳድሮን ትላልቆቹ ማኅበራት ከበጀታቸው 20 በመቶውን ለተቸገሩ መናፈሻዎች እንዲያካፍሉ የሚያስገድድ ሕግ አቀረቡ። ሕጉ አላለፈም። በ2015 ግን በከንቲባ ቢል ደብላሲዮ ግፊት ሴንትራል ፓርክን ጨምሮ ስምንት ማኅበራት በገንዘብና በሙያ 15 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት እርዳታ ለሌሎች መናፈሻዎች ለመስጠት ቃል ገቡ። ማኅበሩ ለራሱ የሚከራከረው የግል ገንዘቡ በመምጣቱ ከተማው ለሴንትራል ፓርክ ያወጣው የነበረውን ወደ ሌላ ማዋል ይችላል ብሎ ነው። መቻሉ እውነት ነው፤ ማዋሉ ግን በየዓመቱ በከተማው ምክር ቤት የሚወሰን ጉዳይ ነው።

በፓርኩ ራሱ ውስጥም ደቡቡና ሰሜኑ እኩል አልነበሩም። ደቡቡ በሆቴሎችና በቱሪስት የተከበበ ሲሆን፣ ሰሜኑ የሚዋሰነው ሃርለም ከተባለው ሠፈር ጋር ነው። በ1989 አንዲት ሴት በዚሁ በሰሜኑ ክፍል ስትሮጥ ክፉኛ ተጠቃች፤ አምስት ጥቁርና ላቲኖ ታዳጊዎች ባልሠሩት ወንጀል ተፈርዶባቸው ዓመታት በእስር አሳለፉ። ፍርዱ የተሰረዘው በ2002 ነው። ከ110ኛው ጎዳና ወደ ፓርኩ የሚያስገባ አንድ በር በ2022 «ነፃ የወጡት ሰዎች በር» ተብሎ ተሰይሟል።

ሃርለም ሚር የተባለው የሰሜን ሐይቅ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጠርጎ ዳርቻው ታደሰ። ከጎኑ በ1966 የተሠራው የላስከር መዋኛና የበረዶ መንሸራተቻ ግን የሃርለም ልጆች ዋና የተማሩበት ቢሆንም፣ ሲሚንቶው ከጫካው ወደ ሐይቁ ይወርድ የነበረውን ጅረት ዘግቶ በቱቦ ውስጥ ቀብሮት ነበር። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ሕንፃው ይጥለቀለቅ ነበር። ማኅበሩ 100 ሚሊዮን፣ ከተማው 60 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተው አሮጌው ፈርሶ በምትኩ የተሠራው ማዕከል በሚያዝያ 2025 ተከፈተ። በበጋ ይዋኝበታል፣ በክረምት በበረዶው ላይ ይንሸራተቱበታል፤ በመካከሉ ባሉት ወራት ሜዳ ይሆናል። ስሙ ዴቪስ ሴንተር ነው፤ በ1979 የመጀመሪያዋን አስተዳዳሪ ለሾሙት ለጎርደን ዴቪስ ክብር። አዲሱ ሕንፃ ኮረብታው ሥር ገብቶ ተሠርቷል፤ ጣሪያው ላይ ሣር በቅሏል። 60 ዓመት ያህል በቱቦ የተቀበረው ጅረትም ከሕንፃው ጎን በግልጽ እየፈሰሰ ወደ ሐይቁ ይገባል።